ቦይለሩ እየጋለ እኛ በረደን

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ባለው ቤታችን ነው። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ነበርኩ። የወለዱ ጓደኞቼ ያንን ጊዜ ሲያነሱ ስለ ምጡ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ስለ ገንፎው ያወራሉ። እኔ ግን አራስ ቤት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለኝ ምድር ቤታችን ውስጥ የቆመው ቦይለር ነው። ዛሬም ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ ኳ ሲል ከሰማሁ የያዝኩትን ትቼ እነሳለሁ።

ቤታችን አሮጌ ነው። እንደ አዳዲሶቹ ቤቶች ሙቀቱ በአየር አይመጣም። ምድር ቤት ያለው ቦይለር በጋዝ ውሃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውሃ በቧንቧ እየዞረ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር ወደተቀመጡት የብረት ራዲያተሮች ይገባል፤ ክፍሉን አሙቆ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወርዳል። ባለቤቴ ታምሩ ቤቱን የወደደው በእነዚህ ብረቶች ምክንያት ነው። እኔ እንኳን ኩሽናው ጠባብ ነው ብዬ አኩርፌ ነበር። "ኩሽና ይሰፋል፣ እንዲህ ያለ ብረት ግን አሁን አይሠራም" ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ልጃችን ቀኗ ሳይደርስ ነው የመጣችው። ከተጠቀለለችበት ፎጣ እሷ ትቀል ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ደጋግማ የነገረችኝ ክፍሏ እንዳይቀዘቅዝ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ሙቀቷን ራሷ መጠበቅ ገና አትችልም፤ ከበረዳት ለማደግ የሚሆናትን ጉልበት ለመሞቅ ትጨርሰዋለች። እኔ ሆፕኪንስ ከተማ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፤ ለሰው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ለራሴ ሲነገረኝ ግን እንደ ጀማሪ ደግሜ ደጋግሜ አስነገርኳት።

እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጣች። በመጣች ማግስት ቤቱን ተረከበችው። መጋረጃ እንዳይከፈት፣ በባዶ እግሬ እንዳልረግጥ፣ ፍሪጅ እንዳልከፍት፣ ምድር ቤትማ ጭራሽ እንዳልወርድ አዘዘች። "አራስ በአፏ ነው የምታዘው፣ በእግሯ አይደለም" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ፤ መተኛት አላውቅበትም። አንሶላው ይቆረቁረኛል፣ ትራሱን አገላብጣለሁ፣ ልጅቷ ተኝታ ሳለች ትንፋሿን ለመስማት ጎንበስ እላለሁ። ትንሽ ልነሳ ስል እናቴ አጥሚት ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች።

በዚህ መካከል ያ ብርድ መጣ። የዚያን ሰሞን ሚኒሶታ የነበረ ሰው አይረሳውም። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ፖስተኛው እንኳ ቀረ። ታምሩ ደጅ ወጥቶ ሲመለስ ሽፋሽፍቱ ላይ በረዶ ይዞ ነበር የሚገባው።

መጀመሪያ የሰማሁት በግድግዳው ውስጥ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ነው። ሰው በመዶሻ የሚመታ ይመስላል። ቀጥሎ ከአልጋዬ አጠገብ ያለው ራዲያተር እጅ እስኪያቃጥል ጋለ። ከዚያ ድምፁ ቆመ፣ ብረቱም ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። ታምሩ ሮጦ ወረደ። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። የቦይለሩ መለኪያ መርፌ ቀዩ ላይ ደርሶ፣ ግፊት ሲበዛ የምታስተነፍሰው ትንሽ የናስ ቧንቧ የፈላ ውሃ እየተፋች ነበር። ቀይ መብራት በርቶ ቦይለሩ ራሱን አጥፍቷል።

"ኦቨርሂት አድርጓል" አለኝ። "ሲበርድ ሪሴት አደርገዋለሁ።"

የማስነሻ ቁልፉን ተጫነው፣ ተነሳ። እፎይ አልን። ብዙም ሳይቆይ ግን ያው ኳኳታ፣ ያው ግለት፣ ያው ዝምታ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ቀኑ ሁሉ እንደዚያ ሆነ። ክፍሌ አንድ ጊዜ ፍል ውሃ መታጠቢያ ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ ማቀዝቀዣ። ልጅቷን አለብሳለሁ፣ አወልቃለሁ፣ መልሼ አለብሳለሁ። ድምፁ ሲመጣም እሸበራለሁ፣ ሲጠፋም እሸበራለሁ። ሲመጣ ይፈነዳ ይሆን እላለሁ፤ ሲጠፋ ደግሞ አይነሳ ይሆን እላለሁ።

ታምሩ ባስ ሹፌር ነው፤ መካኒክ አይደለም፤ እልኸኛ ግን ነው። የቤቱን ሙቀት እየለካ ቦይለሩን የሚያዘውን የቴርሞስታቱን ባትሪ ቀየረ። ቪዲዮ እያየ ራዲያተሮቹ ውስጥ አየር ገብቶ እንደሆነ ብሎ በትንሽ ቁልፍ እየከፈተ አስተነፈሳቸው። ያገኘው ውሃ ነው እንጂ አየር አይደለም። አብዛኞቹ ቀዝቅዘው ነበር፤ ያንን ግን ቦይለሩ ስለጠፋ ነው ብሎ አለፈው። እናቴ የምትተኛበት ክፍል ብቻ አልገባም። ከቤቱ ባለቤትነት ይልቅ አማችነቱ በልጦበት፣ የአማቱን መኝታ ቤት በር ማንኳኳት አፈረ።

ጓደኛው ገመቹ ከአፕል ቫሊ ድረስ ያን ብርድ ጥሶ መጣ። ሁለቱ ወርደው ሲነጋገሩ በወለሉ በኩል ይሰማኛል።

"ፓምፑ ነው" ይላል ገመቹ። "ውሃውን ካልገፋው እዛው ይፈላል። የእኛ ቤት በአየር የሚያሞቅ ፈርነስ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው ባክህ።"

"ፓምፑ እኮ ይሠራል! ና እጅህን አስቀምጥ፣ ቫይብሬት ያደርጋል።"

"ከሠራማ ውሃው የት ሄደ ታዲያ?"

ጥያቄው ይህ ነበር። ለጠጋኝ ስንደውል የከተማው ቦይለር ሁሉ በአንድ ቀን የታመመ ይመስል መስመሩ ተጨናንቋል። በመጨረሻ የተገኘው ሐሙስ እመጣለሁ አለ። ገና ሰኞ ነበር።

እናቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ እየመጣች ታየኛለች። ትገባለች፣ ራዲያተሩ ላይ መዳፏን ታሳርፋለች፣ "አሁንም በደንብ አልደረሰም" ትልና ትወጣለች። እኔ ወደ ኩሽና የምትሄድ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ማታ ታምሩ ውሳኔውን ተናገረ። ነገ እንደገና ከጠፋ ሕፃኗን ይዘን ገመቹ ቤት እንሄዳለን። የገመቹ ሚስትም አልጋ አንጥፌያለሁ ብላ ደውላለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

"ክርስትና ያልተነሳች ልጅ በዚህ ብርድ? እኔ ቆሜ እያየሁ?"

"እማማ፣ ቤቱ ከቀዘቀዘ ምን ያድርጉን ይላሉ?" አላት ታምሩ።

"ቤቱ ይሞቃል። እኔ አለሁ" አለች።

ይህን ያለችው እንዲሁ በእናትነት መስሎኝ ነበር።

እኔ ከሁለቱ መሀል ሆኜ ማንን ልስማ? ልጅቷን በዚያ ብርድ ማውጣቱ አስፈራኝ። ብቆይ ደግሞ ቤቱ ቀዝቅዞ ልጅቷን ሊጎዳብኝ ነው። ልጅቷን ደረቴ ላይ አድርጌ ትንፋሿን ስቆጥር አደርኩ።

በማግስቱ ታምሩ ሥራ ገባ። ቀይ መብራቱ ከበራ ቁልፏን እንዴት እንደምትጫን ለእናቴ አሳይቷት ነበር የሄደው። እሷ ግን ያን የሚያጉረመርም ነገር ፈራችው፤ እኔን ደግሞ አታወርደኝም። ልክ ለምሳ ሲደርስ ኳኳታው መጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። ብረቱ ቀዘቀዘ። የልጅቷን እጅ ያዝኩት፤ ጣቶቿ በርዷቸዋል፣ ከንፈሯ ዙሪያ ቆዳዋ ቀለሙ ተለውጧል። ደረቴ ላይ ከሸሚዜ ውስጥ ከተትኳትና ታምሩ ጋ ደወልኩ። መንገድ ላይ ስለነበር አላነሳም። ገመቹ ጋ ደወልኩ።

"መኪናዋን ላሙቃትና መጣሁ" አለኝ። "አልብሻት ጠብቂኝ።"

እያለቀስኩ ማልበስ ጀመርኩ። ኮፍያዋን፣ ካልሲዋን፣ ብርድ ልብሷን። እናቴ መጥታ ራዲያተሩን ዳሰሰች። አንገቷን ነቀነቀች።

"ቆይ እስቲ። አንድ የቀረችኝ አለች" አለችና ወጣች።

ወዲያው ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል ሲጥ የሚል፣ የዛገ ብረት የሚዞር ድምፅ ሰማሁ።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"የሽንት ቤቱን ዘጋሁት። አሁን ይደርስሻል።"

"ምኑ ነው የሚደርሰኝ?"

ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

"ውሃው ነዋ! ሙቁ ውሃ። በየክፍሉ እየገባ ሲባክን አንቺ ጋ እንዴት ይድረስ? ሳሎኑን ማን ተቀምጦበት ነው የሚሞቀው? ዘጋሁት። የመብል ክፍሉንም ዘጋሁት። ኩሽናውንም።"

ጉለሌ ላደገ ሰው ይህ የሚያስቅ ሐሳብ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው፤ ስትመጣም ቀጭን ናት። የግቢው ቧንቧ ከተከፈተ ሻወሩ ጠብ አይልም። ስለዚህ አንዱ ሊታጠብ ሲገባ ሌላው እየዞረ ይዘጋል። "የግቢውን ዝጉት!" እየተባለ ነው ያደግነው። እናቴ ክፍሎቹን ስትጠርግ ከየራዲያተሩ እግር ሥር የእንጨት እጀታ ያላት መዝጊያ አየች። እኛ ቤቱን ከገዛን ጀምሮ ነክተናት አናውቅም፤ መዞሯንም አላወቅንም። እሷ ግን ውሃ ሲንቆረቆር ሰማች፣ መዝጊያ አየች፣ ሌላ አስተማሪ አላስፈለጋትም። ውሃው ሁሉ ወደ አራሷ ክፍል እንዲመጣ ሌላውን ዘጋችው።

ታምሩ ያን ሁሉ ቀን ምድር ቤት ሲመላለስ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ነበር ማለት ነው። እሱ ከታች ያስነሳል፣ እሷ ከላይ ትዘጋለች። በዘጋች ቁጥር ቦይለሩ ይብስበታል፤ በባሰበት ቁጥር ራሱን ያጠፋል፤ ሲጠፋ እኛን ይበርደናል፤ ሲበርደን ደግሞ እሷ "አልደረሰም" ብላ ሌላ ትዘጋለች።

ነገሩ ሲገባኝ አራስ ነብር የሚሉት ሆንኩ። ልጅቷን ጠቅልዬ አስተኛኋትና በባዶ እግሬ ከአልጋ ወረድኩ።

"ኧረ በማርያም! ብርድ ይመታሻል! እግርሽ!"

አልሰማኋትም። ሳሎን ገባሁ። ሶፋውን ገፋሁ፣ መዝጊያዋን በሁለት እጄ ይዤ አዞርኩ። የመመገቢያውን ከፈትኩ። ኩሽና ሄጄ ከፈትኩ። መታጠቢያ ቤቱንም። እናቴ ነጠላ ጫማ ይዛ ከኋላዬ ትከተለኛለች፤ አንዴ ትቆጣለች፣ አንዴ ትለምናለች። ወደ እሷ ክፍል ስሄድ ግን ቀድማኝ በሩ ላይ ቆመች።

"የኔን ተዪው።"

"ለምን?"

"ተዪው አልኩሽ። አልተነጠፈም።"

እናቴ አልጋዋን ሳታነጥፍ ከክፍል ወጥታ አታውቅም። በሩን ገፋሁት።

ብርዱ ፊቴን መታኝ። ደጅ የወጣሁ ነው የመሰለኝ። የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል በረዶ ጋግሯል። መስኮቱ ሥር ያስቀመጠችው የጠበል ላስቲክ ጠርሙስ ላዩ ረግቶ ነበር። አልጋው በሥነ ሥርዓት ተነጥፏል። ብርድ ልብሱ ላይ ከአገር ለብሳው የመጣችው ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ደግሞ የታምሩ አሮጌ ጃኬት ተደርቧል። ትራሱ ላይ የሱፍ ኮፍያ አለ። እዚያ ነበር የምትተኛው።

"መጀመሪያ የዘጋሽው የቱን ነው?" አልኳት።

"የኔን ነዋ" አለች፣ ጥያቄው ሞኝነት እንደሆነ ሁሉ። "የሰው ከመዝጋቴ በፊት።"

"እማዬ፣ በዚህ ብርድ? ብትሞችስ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ? አራስ አይደለሁ።"

ያኔ ያደረግሁትን በደንብ አላስታውሰውም። ጮህኩባት መሰለኝ። ጮኼም አቀፍኳት፤ ትከሻዋ በሹራቡ ላይ ይቀዘቅዝ ነበር። እሷ ደግሞ ከእቅፌ ሾልካ ጎንበስ አለችና ነጠላ ጫማውን እግሬ ላይ አጠለቀችው።

ገመቹ ሲደርስ ሁለታችንንም እያለቀስን አገኘን። ልጅቷ አንድ ነገር የሆነች መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት። የእናቴን ራዲያተር ከፈተና ወደ ምድር ቤት ወረደ። የጎደለውን ውሃ ሞልቶ ቁልፉን ተጫነ። ቦይለሩ ተነሳ። ሦስታችንም ሕፃኗን ይዘን ራዲያተሩ ዙሪያ ቆምን። ብረቱ ቀስ ብሎ ሞቀ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ኳኳታውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ገመቹ ደጋግሞ እየወረደ መርፌዋን አየ፤ መሀል ላይ ቆማለች። የልጅቷ ጣቶች ሞቁ፣ ከንፈሯም ቀላ አለ፤ ያን ጊዜ ነው ልብሷን መልሼ ያወለቅሁላት።

ታምሩ በዕረፍቱ ሲደውል ሁሉንም ነገርኩት።

"ሳሎኑንም ዘግተውት ነበር?"

"አዎ።"

"ቴርሞስታቱ እኮ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው" አለና ሳቁ አመለጠው። ሳሎኑ አልሞቅ እስካለ ድረስ ቴርሞስታቱ "ገና ነው፣ ጨምር" እያለ ቦይለሩን ያዘዋል። ቦይለሩ የታዘዘውን ያሞቃል፤ የሞቀው ውሃ መሄጃ ስለሌለው ግን እዚያው ይንተከተካል። ሐሙስ የመጣው ጠጋኝም ከዚህ የተለየ አላገኘም። ብዙ ስትተፋ የከረመችውን የናስ ቧንቧ ቀይሮ ሄደ።

እናቴ ነገሩ የታወቀ ዕለት አፈረች። "ቤታችሁን ላቃጥልላችሁ ነበር" እያለች ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ታምሩ ከሥራ ሲገባ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ትከሻዋን ሳማት። "እማማ፣ ጉለሌ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበሩ" አላት። ፊቷ ፈታ ሲል አየሁ። ጠጋኝ ሁሉ ያላገኘውን እኔ ነኝ ያሳየኋቸው እያለች ለዘመድ በስልክ ስታወራ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ሰማኋት። ተውኳት።

ክርስትናው አልፎ እናቴ ወደ አገሯ ተመለሰች። ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ወፍራም ልጅ ሆናለች። ከዚያ ቀን በፊት እናቴ በስልክ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም" ስትለኝ አምናት ነበር። አሁን አላምናትም። በዚያ የቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ እያደረች ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርሽ" ስላት የምትመልስልኝም ይህንኑ ነበረና። ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እናደድባታለሁም፤ ሰው ስለራሱ እንዲህ ይዋሻል? ስለዚህ ስልኩን እንደዘጋሁ ወንድሜ ጋ እደውላለሁ። ሂድና ጓዳዋን እይ፣ አልጋዋን እይ እለዋለሁ። ደርሳበት "ልጄ ሰላይ አቆመችብኝ" ብላ ለጎረቤት አምታኛለች።

ባለፈው ክረምት ወፍራም ብርድ ልብስ ልኬላት ነበር። በጣም እንደሚሞቅ፣ ላብ በላብ እንደሚያደርጋት ነገረችኝ። ወንድሜ ሄዶ ሲያይ አልጋዋ ላይ የለም። ጎረቤት ለወለደች ሴት ሰጥታዋለች። አልቆጣኋትም። አሁን ሁለት ገዝቼ ላክሁ፤ አንዱን ለምትሰጠው ሰው፣ አንዱን ለእሷ። ሁለቱንም እንዳትሰጥ ግን እሰጋለሁ።